የጣሳ ልጅ

«ያልወለደ ማህፀን ስለ ልጅ እግር አያስተምረኝም!»

ይህን ያሉት ማማ ቴዎ ናቸው፤ የሰማሁት እኔ። የኔን ክፍል ከእነሱ ግቢ የሚለየው አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም ዝገትና ምስማር ወንፊት ስላደረጉት፣ ወዲያ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ነበር። የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ገና ማባራቱ ነው፤ እኔም ከመስኮቴ ሥር ተቀምጬ የተማሪዎች ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ንግግሩን ስሰማ እግሬን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳሁ። መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ከዚያ የባይንዱ ነጠላ ጫማ በጭቃው ላይ ቸፍ ቸፍ እያለ ወደ በሩ ሲሄድ፣ የበሩም ሰንሰለት ሲንኳኳ ሰማሁ። ወጣች።

ባይንዱ የማማ ቴዎ የመጀመሪያ ልጅ የሳንፋ ሚስት ናት። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አላገኘችም። በሳምንት ሦስት ቀን ሰማያዊ ሰደርያዋን ለብሳ ለሠፈራችን ጤና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ትሠራለች፤ የሕፃናትን መክሳት ለማወቅ ክንዳቸውን ትለካለች፣ እናቶችን አጥሚት አሠራር ታስተምራለች። የሌላ ሰው ልጅ ሲታመም ከተማችንን ፍሪታውንን በእግሯ የምታቋርጥ ሴት ናት፤ በገዛ ግቢዋ ግን ስለ ልጅ አፏን እንድትከፍት አልተፈቀደላትም። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሆነውን በኋላ አንድ በአንድ ነግራኛለች፤ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ደግሞ እኔም አብሬ ስለነበርኩ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ነገሩ ቫንዲ ነው። ቫንዲ የታናሽየው ወንድም የብሪማና የጄነባ ልጅ ነው፤ ያኔ ዓመት ከሦስት ወሩ። ጄነባ ሁለተኛዋን ስታረግዝ ማማ ቴዎ «ያረገዘች ሴት ጡት መርዝ ነው» ብለው በአሥራ አንድ ወሩ ጡት አስጣሉት፤ ከዚያ ወዲህ እናቱ ጨለማው ሳይገፈፍ ዓሣ ልትሸጥ ወደ ገበያ ትወርዳለች፣ ልጁ አያቱ ጭን ላይ ይውላል። ማማ ቴዎን ሰነፍ አያት የሚላቸው ቢኖር ውሸቱን ነው። በቀን አምስት ጊዜ፣ ሰዓታቸውን ሳያዛንፉ፣ የፈላ ውሃ አቀዝቅዘው፣ ከጣሳው ሦስት ማንኪያ ለክተው፣ በትንሽ ኩባያ ነጭ አጥሚት ያጠጡታል። ጣሳው ከባሕር ማዶ የመጣ የሕፃን ሩዝ ነው። ላዩ ላይ ጉንጩ ሊፈነዳ የደረሰ ሕፃን ይስቃል፤ ጎኑ ላይ ብረቱ፣ ቫይታሚኑ፣ ምኑ ሁሉ በረድፍ ተጽፏል። ማማ ቴዎ ማንበብ አይችሉም፤ ባይንዱ አንድ ቀን ስታነብላቸው ግን በቃላቸው ያዙትና ለጎረቤት ሁሉ ይወጡት ጀመር። የሠፈሩ ልጅ ከትልልቆቹ ትሪ ሩዝና የካሳቫ ቅጠል፣ ካለም የዓሣ ፍርፋሪ እየተጎረሰ በጭቃው ላይ ሲንከባለል እያዩ፣ «የኔ የጣሳ ልጅ ነው» ይላሉ። እንደ እሳቸው ዓሣ ትል ያፈራል፤ እንቁላል የለመደ ልጅ ሌባ ይሆናል፤ ጣሳው ግን እንከን የለውም፣ ሐኪም ነው የሠራው። ዋጋው መቶ ሰማንያ ሊዮን ነው፤ በዚያ ገንዘብ የቤቱ ሰው ሁሉ ለቀናት ሩዝ ይበላል። ብሪማ ከውሃው ማዶ ሉንጊ ላይ ጥበቃ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሲመጣ የጣሳውን ብር ለሚስቱ ቆጥሮ ይሰጣል፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማማ ቴዎ ናቸዋ የሚነግሩን።

ያን ጠዋት ማማ ቴዎን ወገባቸውን ስላመማቸው ልጁን ያጠበችው ባይንዱ ነበረች። ሳፋው ውስጥ አስቀምጣው እግሩን ስትይዝ፣ የእግሩ ቆዳ አብረቅርቆ ተወጥሯል፤ አያቱ ከሰው ዓይን እንዲጠብቀው ብለው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያሰሩለት ዶቃ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል። በሁለት አውራ ጣቶቿ ሁለቱንም እግሮቹን በአንድ ጊዜ ተጫነች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ለቀቀች። የጣቷ ጉድጓድ አልተመለሰም። እርጥብ ሸክላ ላይ እንደተጫነ ጣት፣ እዚያው ቀረ። ቫንዲ አላለቀሰም። ሳሙና ዓይኑ ውስጥ ገብቶም አላለቀሰም፤ ጠጉሩ ሳስቶ ወደ ቀይ ሄዷል፣ ፊቱ ግን ክብ፣ ሙሉ ነው። «ማማ፣ ይህ ውፍረት አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ» አለቻቸው። የመለሱላትን ሰምታችኋል።

መልስ ሳትሰጥ የወጣችው ስድብ ስለለመደች ብቻ አልነበረም። የምታውቀው ነገር ነበር። ሰኔ ላይ፣ እንደ ልማዷ የጤና ጣቢያውን ሩዝ ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ ጄነባን ያንን ጣሳ ከሽርጧ ሥር ይዛ አገኘቻት። ከገበያ የለቀመችውን ስባሪ ሩዝ አስፈጭታ ጣሳው ውስጥ ስትገለብጥ ደረሰችባት። ጄነባ ከላዩ አንድ ማንኪያ የወተት ዱቄት ጨመረች፣ እንዲሸት። ከዚያ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። «ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እህቴ» አለች ጄነባ እጇን ይዛ። ማዕበሉ ጀልባ አላስወጣ ብሎ የዓሣ ዋጋ ጣራ ነክቷል፤ ለመደቧ የሚሆን ዓሣ ካልገዛች ቦታዋን ሌላ ሴት ትይዝባታለች፤ የጣሳው ብር ደግሞ እጇ ላይ ነበር። «ማማ ከሰሙ አለቀልኝ። ብሪማም አይምረኝም። በሞቴ፣ አንቺ ብቻ እወቂው።»

ባይንዱም ምስጢሩን ያዘችላት። ምክንያቱን እንዲህ ብላ ነገረችኝ። በዚያ ቤት እንግዳ አራስ ይዞ ሲመጣ ሕፃኑን ከእሷ ያርቁታል፤ ዓይኗ ይከብዳል ይላሉ፣ እሷ እየሰማች። ጄነባ ግን ቫንዲ ስም በወጣለት በሰባተኛው ቀን፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ልጁን ከሁሉም በፊት ያቀፈችው ባይንዱ እንድትሆን አደረገች። «በመጀመሪያ ትልቋ እናቱ ትያዘው» ብላ። ለዚች ሴት ባይንዱ ምኗን ልትነፍጋት? አንዱ ጊዜ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት። ባይንዱ በሐምሌ የተፈጨ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልላ ማማ ቴዎ ዞር ሲሉ ኩባያው ውስጥ ትነሰንስ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ያዟት። «ምንድን ነው የምትጨምሪበት?» አሏት። «ኦቾሎኒ ነው፣ ማማ።» ኩባያውን ደጅ ደፉት፤ ከዚያ ወዲህ ልጁ ሲጠጣ አጠገቡ እንድትደርስ አልወደዱም።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ ሴቶቹ ከማንጎው ዛፍ ሥር አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። እሳቱን አያያዘች፤ ትልቁን ድስት ጣደች፤ ላለፉት አራት ዓመታት እንደምትለው ሁሉ አለች፦ ሩዙ ጉልበት ነው፣ ግን ብቻውን ነው። ሦስት እጅ ሩዝ ካደረጋችሁ አንድ እጅ ባቄላ ወይም ኦቾሎኒ ጨምሩ፤ ሰሊጥ ካላችሁ ሰሊጥ፤ የተጨሰውን ዓሣ አጥንቱን አውጥታችሁ ውቀጡና ጨምሩ፤ ቀይ ዘይት በማንኪያ። አጥሚቱ ከማንኪያው ላይ እንደ ውሃ ከወረደ ልጃችሁ የሚጠጣው ውሃ ነው። አፏ ይናገራል፤ ልቧ ሳፋው አጠገብ ነው። አንዲት ወፍራም አያት ከኋላ ሆና፣ «የኔማ ልጅ እግሩ እንደ ዝሆን ነው፣ ምን አጎደልኩበት!» ስትል አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን መዝገቧን ዘግታ ብድግ አለች፤ የሴትዮዋን የልጅ ልጅ እግር ይዛ ተጫነች። ጉድጓድ አልነበረም፤ ልጁ በእውነትም ወፍራም ነው፣ ጮኾ ረገጣት። ነርሷ አልሳቀችም። «ጉድጓዱ ቢቀር ኖሮ ክንዱን እንኳ አልለካውም ነበር» አለች ለሁሉም። «በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው የምልከው። ነገ የምትለኝ እናት ነገን አታገኘውም።»

ባይንዱ ይህን የማታውቅ አልነበረችም፤ ራሷም መቶ ጊዜ ተናግራዋለች። ነገር ግን ጠዋት ከቤት ስትወጣ ለራሷ «ቅዳሜ ብሪማ ይመጣል፣ ለእሱ እነግረዋለሁ» ብላ ነበር። ማማሰያውን አጠገቧ ላለችው ሴት ሰጠቻትና ድስቱ እንደፈላ፣ ሰደርያዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ገበያው ቁልቁል ወረደች።

ጄነባ መደቧ ላይ የተጨሰ ዓሣ በአምስት በአምስት እየደረደረች ነበር። አምስቱ በሠላሳ። ጭስ የጠጣ እጇ፣ የገፋ ሆዷ፣ ከጭንቅላቷ በላይ የተቀዳደደ ላስቲክ። ባይንዱን ስታይ ፈገግ አለች፣ ሰደርያዋን ስታይ ፈገግታው ወረደ።

«ቫንዲ ነው?»

«እግሩ አብጧል። ሁለቱም። ተነሽ።»

«ማማ ትናንት ወፈረ አሉኝ እኮ...»

«ጄነባ፣ ከሰኔ ጀምሮ የሚጠጣውን አንቺም እኔም እናውቃለን።»

ጄነባ በእጇ ያለውን ዓሣ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳችው፣ እንደገና አስቀመጠችው። «እስከ ቅዳሜ ብንጠብቅ? ብሪማ ቅዳሜ ብሩን ሲሰጠኝ እውነተኛውን እገዛለሁ፤ ሁለት እገዛለሁ...» ብላ ጀመረችና የባይንዱን ፊት ስታይ ተወችው። ቀኑን ሙሉ ዓሣ የምትሸጥ እናት ልጇ አንድ ቀን እንኳ ዓሣ ቀምሶ አያውቅም። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ እነሱ ያኔ አላሉትም። ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ሁለቱም ዓሣውን ሳይሸፍኑ ሮጡ፤ ከጎን የነበረችው ቃሪያ ሻጭ ናት ከኋላ ላስቲክ ያለበሰችላቸው።

እኔ የገባሁበት እዚህ ላይ ነው። ከቆርቆሮው ወዲያ የሦስት ሴት ድምፅ ሰማሁና ጃንጥላዬን ይዤ ዞሬ ሄድኩ። ክፍሉ ያው የማውቀው ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ በጋቢ መጋረጃ ተለይቶ፣ ጣራው በሦስት ቦታ ያፈስ ስለነበር ሦስት ባልዲ፣ ከአልጋው ራስጌ ባለው ሳጥን ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎበት ጣሳው። ማማ ቴዎ ቫንዲን አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ጄነባ እግራቸው ሥር ተንበርክካለች፤ ባይንዱ በሩ ላይ ቆማ ውሃ ከላይዋ ይንጠባጠባል። «ማማ፣ በማርያም ይሁን በነቢዩ፣ ሐኪም ብቻ ይየው» ትላለች ጄነባ። ማማ ቴዎ ጣሳውን በጣታቸው ያሳያሉ። «ከዚህ በላይ ምን ሐኪም አለ? ሦስት ቀኑ ነው አንዴም አላለቀሰ፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ታይቶ ያውቃል?» የሰዓቱ ምግብ ደርሶ ስለነበር ኩባያውን አንስተው ወደ አፉ አስጠጉለት። ቫንዲ ፊቱን አዞረ። ደግመው አስጠጉት። አጥሚቱ በአገጩ ወርዶ ደረቱ ላይ ተዘረጋ፤ ሊጠርገው እጁን እንኳ አላነሳም። ማማ ቴዎ አዩት። ብዙ አዩት። «ቫንዲ» አሉ በቀጭን ድምፅ፣ «አባቴ፣ ጠጣ እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ጋቢ አምጡ፣ ባጃጅ ጥሩ፣ እኔንም «አንቲ ዛይናብ፣ ጃንጥላውን ያዥልኝ» አሉኝ። ሲወጡ ጣሳውን በሻሽ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉት። «ሐኪሞቹ ምን እንደማበላው ይዩ» አሉ፤ «የድሃ ልጅ መስሏቸው እንዳይንቁት።» ያን ጊዜ ጄነባ ባይንዱን አየቻት። ባይንዱ ነች ይህን የነገረችኝ፤ እኔ ልብ አላልኩም ነበር።

የሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ረጅም ነው፤ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሕፃን፣ ከአልጋው ሥር የእናቶች ምንጣፍና ሳፋ። ሲስተር ሚያታ የምትባል አጭር፣ ፈጣን ነርስ ቫንዲን ተቀበለችን። እግሩን ስትጫን ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ ገላውን ስትዳስስ ግን «ቀዝቅዟል» አለችና በብርድ ልብስ ጠቅልላ እናቱ ደረት ላይ አስተኛችው፤ የስኳር ውሃ በመርፌ ቱቦ፣ ያለ መርፌው፣ ጠብ ጠብ እያደረገች በከንፈሩ ጥግ ሰጠችው። ወተቱ በኋላ ይመጣል፣ በጣም ጥቂት ጥቂት፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ከሰጠነው ልቡ አይችለውም አለችን። ከዚያ ወረቀቷን አውጥታ ጠየቀች፦ ምን ይበላል?

ማማ ቴዎ ይህንን ጥያቄ ሲጠብቁ ነው የመጡት። ሻሹን ፈተው ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት፤ በጎኑ ያለውንም በቃላቸው ወጡት። ነርሷ ሳታቋርጣቸው ክዳኑን ከፈተች። አየች። ቆንጥራ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መካከል አሸችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ጫፉን በምላሷ ነካች። «እናቴ» አለች፣ «ይህ ጣሳው ላይ የተጻፈው አይደለም። ተራ የሩዝ ዱቄት ነው።»

ማማ ቴዎ ሳቁ። ሳቃቸው መሀል ላይ ቆመ። «ልጄ በየሁለት ሳምንቱ ብር የሚሰጥበት ነው» አሉ። ነርሷ እጇን አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው አራገፈች። እሷ የተናገረችውን ልድገመው፣ ያን ዕለት ያዳመጣት ስላልነበረ፦ እውነተኛው ቢሆንም ብቻውን አይበቃውም ነበር፤ ብረቱና ቫይታሚኑ ይኖረው ነበር፣ ግን ያም ሩዝ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ልጅ ጡት ይፈልጋል፣ ባቄላ ይፈልጋል፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ዘይት፤ አንድ ሰው ብቻ ያጠፋው ጥፋት አይደለም። ይህን ብላ ወደ ሌላ አልጋ ተጠራች። እኛ ጣሳውን ከበን ቀረን።

በዚያው መሀል ሳንፋ ደረሰ፤ ሰው ከሚሠራበት ጋራዥ ጠርቶት፣ እጁ ቅባት እንደሆነ። ማማ ቴዎ ቀስ ብለው ሁላችንንም አዩን። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ለአራት ወር በገዛ እጃቸው፣ ሰዓት ጠብቀው ያጠጡትን ኩባያ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር። «ማነው ይህን የሞላው?» አሉ።

ጄነባ ልጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች አንገቷን ደፋች። ባይንዱ ጄነባን አየች። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። እኔ ምንም አላውቅም ነበር፤ ቢሆንም አንዲት ሴት ልትናገር እንደሆነ ገባኝ፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አልገባኝም። ማማ ቴዎ ሁለተኛ ጠየቁ። ከዚያ ሦስተኛ አልጠየቁም፤ ዓይናቸው ሰማያዊው ሰደርያ ላይ አረፈ።

«ወፍጮ ቤት በየሳምንቱ የሚመላለሰው ማነው?» አሉ። «በሐምሌ ኩባያው ውስጥ ስትነሰንስ በእጄ የያዝኳት ማን ናት? ዛሬ ጠዋት እግሩን ተጭና ስትቆጥር የነበረችው... ሥራሽን ልታዪ ነው፣ አይደል? ደርሶ እንደሆነ ልታዪ ነው።»

«ማማ...» አለ ሳንፋ።

«ዝም በል! እሷ ያጣችውን እኔም እንዳጣ ነው!»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩ እናቶች ሁሉ ዘወር ብለው ባይንዱን ያዩ ጀመር። አንዲቱ የራሷን ልጅ ፊት በሻሽ ስትሸፍን አየሁ። ባይንዱ አፏን ከፈተች፤ ያኔም ዓይኗ ያረፈው ማማ ቴዎ ላይ አልነበረም፣ ባሏም ላይ አልነበረም፤ ጄነባ ደረት ላይ፣ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ነበር። አፏን መልሳ ዘጋችው። ሳንፋ «እውነት ነው?» አላት። ዘጠኝ ዓመት አብሯት የተኛ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰደርያዋን አስተካክላ በሁለቱ ረድፍ አልጋዎች መሀል ሄደች፤ ማንም አልተከተላትም። እኔም ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ እሷ በዝናቡ ወጣች።

ሊመሽ ሲል ቤቴ ስደርስ ክፍሌ ውስጥ፣ የስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ ዱካው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ጨርቆቿን በአንድ ሽርጥ ቋጥራለች። ሁሉንም ያን ጊዜ ነገረችኝ። ስትጨርስ እኔ ተቆጣሁ፤ አሁኑኑ ሄጄ ለማማ ቴዎ እናገራለሁ ብዬ ተነሳሁ። እጄን ያዘችኝ። «ጄነባን ከባረሯት፣ ልጁን ማን ደረቱ ላይ ያስተኛዋል?» አለችኝ። «ሦስት ሳምንት፣ አራት ሳምንት አልጋው ሥር የሚተኛለት ሰው ይፈልጋል። ማማ ወገባቸው አይችልም። እኔን አያስጠጉኝም። እናቱ ከሌለች ይሞታል፣ አንቲ። ስንቱን አይቻለሁ።» ቋጠሮዋን አጥብቃ እያሰረች፣ «ደግሞም ዋሽተው አይደለም። ከሰኔ ጀምሮ አውቅ ነበር» አለች። ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገባችኝ። ያን ምሽት ዋተርሉ ወዳለው ወንድሟ ዘንድ በመጨረሻው ሚኒባስ ሄደች። ቋጠሮዋን እስከ መንገዱ ተሸከምኩላት። ሳንፋ ግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ስናልፍ ወደ ውስጥ ገባ።

ቫንዲ ተረፈ። አራተኛው ቀን ላይ አለቀሰ ብለው ማማ ቴዎ እልል እያሉ መጡ፤ ልጅ በማልቀሱ እልል ሲባል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እብጠቱ ሲወርድ ከሥሩ አጥንት ብቻ ወጣ፤ ሁላችንም ስንወደው የነበረው ጉንጭ ውሃ ነበር። በሃያ ስድስተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣ፤ አሁን ከትልልቆቹ ትሪ ይበላል፣ ዓሣም ይበላል፣ አያቱ አጥንቱን ራሳቸው ይለቅሙለታል። ሳንፋ ዝናቡ ሳያልቅ ሌላ ሚስት አገባ። ጤና ጣቢያው ሰማያዊውን ሰደርያ ለሌላ ሴት ሰጠ፤ የሠፈሩ እናቶች ባይንዱ ልጆቻቸውን እንድትነካ አንፈልግም ብለው ነበር፤ አራት ዓመት አጥሚት ያስተማረቻቸው እነዚያው ናቸው። እኔ ቃል ስለገባሁላት አልተናገርኩም። አንዳንዴ ቃሌን መጠበቄ ነው ወይስ ከጎረቤት ጋር መጣላት ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ጄነባ ሴት ልጅ ወለደች። ባለፈው ሳምንት ቧንቧው ጋ ተራ ስንጠብቅ ከፊቴ ነበረች፤ አራሷ ጀርባዋ ላይ፣ ባልዲዋ እግሯ ሥር። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ዓሣው አወራን፤ አምስቱ ሠላሳ አምስት ገብቷል። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር፣ በዝግታ፣ «አንቲ ዛይናብ» አለችኝ፣ «ያን ቀን፣ ማማ ሲጠይቁ፣ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር እኮ። እርስዎ አጠገቤ ነበሩ። አላዩኝም?»

«አላየሁም» አልኳት።

«ከፍቼ ነበር» አለች።

ተራዋ ደርሶ ነበር፤ ከኋላችን ያሉት ሴቶች «ቅዱ እንጂ፣ ውሃው ሊሄድ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ጎንበስ ብዬ ባልዲዋን ከቧንቧው ሥር አስገባሁላት።